ዓይኔን ስጨፍን የሚጥለኝ

ይህ የሆነው ካቻምና ነው። ክረምት ሊገባ ሲል ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ ሲያስለቅሰኝ ከረመ። ብዙ ሰው ያለፈ መከራውን ሲያወራ እየሳቀ ነው። እኔ እስከ ዛሬ መሳቅ አልቻልኩም። ነገሩን ባስታወስኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ይህንንም የምጽፈው ደሜ እንደፈላ ስለሆነ አንባቢ ቁጣዬን ይቻለኝ።

ነቀምቴ ገበያ አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። ተወልጄ ያደግሁት አንገር ጉቲን ነው፤ ወላጆቼ በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚያ የሰፈሩ ናቸው። ባሌ ገመቹ የአርጆ ልጅ ነው፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መኪና ይነዳል። እሱን ካገባሁ ጀምሮ ጸሎት ቤት የምሄደው ከእሱ ጋር ነው። አምነንበት አብረን የምንኖር ሰዎች ነን።

ነገሩ ከእግር ጣቶቼ ጀመረ። ባዶ እግሬን ሆኜ ካልሲ ያደረግሁ ይመስለኛል። ቆየት ሲል ደግሞ ጥጥ ላይ የቆምኩ ይመስለኝ ጀመር። የስፌት ማሽኔ በእግር የሚረገጥ ነው። ስንት ዘመን ሳላየው የረገጥኩትን ፔዳል አሁን ጎንበስ ብዬ እየፈለግሁ ነው የምረግጠው። ዓይኔን ወደ መርፌው ስመልስ እግሬ ከፔዳሉ ላይ ይወርዳል፣ ስፌቱም ይጣመማል። የአንዷን ደንበኛ እጅጌ ሦስቴ ተርትሬ ሰፋሁት።

አንድ ቀን ከሱቅ ወደ ቤት ስሄድ አንዲት ሴት ከኋላዬ ጮኸችብኝ። «ኮጴ ኬ! አንቺ ሴትዮ፣ ጫማሽን! ጫማሽን ጥለሽ የት ትሄጃለሽ?» ዞር ብዬ ሳይ አንዱ ነጠላ ጫማዬ ወዲያ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ቀርቷል። እኔ አንድ እግሬ ባዶውን ሆኖ ያን ሁሉ መንገድ መጥቻለሁ። ጭቃው ይቀዘቅዛል፣ ኮረቱ ይወጋል፣ ግን ምንም አልተሰማኝም። ሴትየዋ ሳቀች፣ እኔም አፍሬ አብሬያት ሳቅሁ።

አካሄዴም ተበላሸ። እግሬን ከፍ አድርጌ አነሳና ዱብ አድርጌ እጥለዋለሁ። መሬቱን ካላየሁ መራመድ አልችልም። አመሻሽ ላይ መብራት ከጠፋ፣ እኛ ከተማ ደግሞ መጥፋቱ ብርቅ አይደለም፣ ባለሁበት ቁጭ ብዬ ሻማ እስኪበራ እጠብቃለሁ። ገመቹ «ደክሞሽ ነው መሲ፤ ትንሽ እረፊ» አለኝ። እኔም ደክሞኝ ነው ብዬ አመንኩ።

ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በየተራ በየቤታችን እየተሰበሰብን እንጸልያለን። ልማዳችን ቆሞ መጸለይ ነው። ክብ ሠርተን፣ እግራችንን ገጥመን፣ ዓይናችንን ጨፍነን ነው የምንጸልየው። ዓይኑን ገልጦ የሚጸልይ ሰው ልቡ ሌላ ቦታ ነው ይባላል። ልጆች እንኳ አሾልቀው ካዩ ይቆነጠጣሉ።

በዚያ ክረምት አንድ ረቡዕ ተራው የእኛ ቤት ነበር። ቆምን፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ብዙም ሳይቆይ መሬቱ ከሥሬ ሸሸ። ተወዛወዝኩ፣ የምይዘው ነገር ፈለግሁ፣ ከዚያ አጠገቤ የቆመችውን ሴት ይዤ ወደቅሁ። ጸሎቱ ተቋረጠ። አንድ ሰው «ማል ታቴ?» ሲል ሰማሁ፤ ምን ሆነች ማለቱ ነው።

የቡድናችን መሪ ፈይሳ ይባላል። የባሌ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ አርጆ አብረው ከብት የጠበቁ፣ አብረው የተማሩ ናቸው። ክፉ ሰው አይደለም። ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚደርስ፣ ለቅሶ ላይ ድንኳን የሚተክል ሰው ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ እሸሸው ነበር።

ፈይሳ ደግፎ አነሳኝ። ዓይኔን ገልጬ ስቆም ደህና ነኝ። «እስቲ ጨፍኚ» አለኝ። ስጨፍን ወደቅሁ፤ ገመቹ በብብቴ ይዞ አዳነኝ። «ግለጪ» ሲለኝ ገልጬ ቆምኩ። «ጨፍኚ» ሲለኝ ደግሞ ወደቅሁ። ያን ጊዜ የፈይሳ ፊት በራ። እንቆቅልሽ የፈታ ሰው መሰለ።

«አያችሁ?» አለ። «ዓይኗን ስትገልጥ ይደበቃል። ለጸሎት ስትጨፍን ግን አይችልም፣ ይጥላታል። ጸሎት የሚጠላ መንፈስ ነው!»

ቤቱ በጩኸት ተሞላ። እጅ ሁሉ ራሴ ላይ ተጫነ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን እያሻሸሁ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል «እግርሽን ምን ይሰማሻል?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም አልነበረም። ቢጠይቁኝ እኮ እነግራቸው ነበር። ስለ ካልሲውም፣ ስለ ጥጡም፣ ስለ ጫማዬም እነግራቸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ እኔ የቡድኑ ሥራ ሆንኩ። ጾም ታወጀልኝ። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይነካም ተባለ። በየሳምንቱ ከክቡ መካከል አቁመው ዓይኔን ያስጨፍኑኛል፣ እኔ እወድቃለሁ፣ እነሱ ይጮኻሉ። ባለመውደቅ ላሳፍራቸው እየፈለግሁ ጥርሴን ነክሼ እቆም ነበር፤ ግን በጥርስ አይቆምም። አንዴ የአግዳሚ ወንበር ጠርዝ ቅንድቤን ሰነጠቀው። ደሜን እየጠረግሁ ሳለ አንዲት እህት ጎንበስ ብላ «ጀባዱ፣ በርቺ፤ ሲወጣ እንደዚህ ነው የሚጎዳው» አለችኝ።

ፈይሳ ምንጩን ለማወቅ ጠየቀኝ። ከእናት ቤት የመጣ እስራት ሳይሆን አይቀርም አለ። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። እናቴ ከወሎ ስትመጣ ይዛ የመጣችው ረሃቧንና እኔ ያላየሁትን ታላቅ ወንድሜን ብቻ ነው፤ እሱንም መንገድ ላይ ቀብራዋለች። ይህን ነገርኩትና ተነስቼ ወጣሁ። ስወጣ ደጃፉ ላይ ተደናቀፍኩ፤ ይህም ለእነሱ ማስረጃ ሆነ።

ወሬው ገበያ ደረሰ። አንዲት ደንበኛዬ መጥታ ያላለቀ ቀሚሷን መለሽልኝ አለች። «ልጄ ለሠርጓ የምትለብሰው ስለሆነ ነው» አለችኝ፣ ፊቴን ሳታይ። መርፌው እንደተሰካበት አጥፌ ሰጠኋት።

ማታ ማታ ገመቹን «ሆስፒታል ውሰደኝ» እለዋለሁ። «ይህን ሳምንት እንጨርስና» ይለኛል። ሳምንቱ ሲያልቅ ሌላ ሳምንት ይመጣል። ጓደኛውን ማሳፈር አልፈለገም። ሲጥሉኝ ግን በብብቴ የሚይዘኝ እሱ ነው፤ ፊቱ አመድ ይመስላል፣ ቃል ግን አይወጣውም። ያን ዝምታውን ለመርሳት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

መስከረም ከገባ በኋላ እግሬ እስከ ጉልበቴ ደነዘዘ። ግድግዳ ሳልይዝ መሄድ አቃተኝ። ፊቴን ለመታጠብ ጎንበስ ብዬ ውኃ ስረጭ እንኳ ዓይኔ ስለሚጨፈን በግንባሬ እደፋለሁ። ሌላ ክረምት ሳይመጣ የቤት ቁራኛ እንደምሆን ገባኝ። ልብስ ሰፊ እግር ከሌላት ምን ልትሠራ ነው? ብቻዬን ስሆን ምን በድዬ ይሆን እያልኩ ራሴን እመረምር ነበር። ይህን ያስደረጉኝን ሳስብ ከሁሉ በላይ እናደዳለሁ።

አንድ ማክሰኞ ሱቄ ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ የመጋረጃ ጨርቅ ሳወርድ ጥቅሉ ተፈታና ፊቴ ላይ ተጣለ። ዓይኔ ተሸፈነ። በቃ፣ ያን ያህል ብቻ ነው የሆነው። ሰው ራሱ ላይ ጨርቅ ሲወድቅበት ገፍፎ ይጥለዋል፤ እኔ ግን እንደ ግንድ ተገነደስኩ። የወደቅሁት የከሰል ካውያው ላይ ነው።

ጩኸቴን ሰምተው የደረሱት ጎረቤቴ ጋሽ ነስሩ ናቸው። የጉራጌ ሰው ናቸው፣ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ሱቆቻችንን የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው። ክንዴ ላይ ውኃ አፈሰሱ፣ ካውያውን በእግራቸው ገፉት። እኔ እያለቀስኩ «ጋሼ፣ አይንኩኝ፤ ያው ነገር ነው የጣለኝ» አልኳቸው።

ቆጣ አሉ። «ምን ያው ነገር? ጋኔን ከሆነም ሐኪም አይቶ ጋኔን ነው ይበለና! ተነሺ ልጄ!» ባጃጅ አስቆሙ፣ ሱቃቸውን ሳይዘጉ አብረውኝ ገቡ። ገመቹን ስልክ ደውለው ያገኙትም እሳቸው ናቸው። ምን እንዳሉት አልሰማሁም፣ ድምፃቸው ግን ዝቅ ያለ አልነበረም።

ሆስፒታል ቃጠሎዬ ከታጠበ በኋላ ጋሽ ነስሩ «ይቺ ልጅ ግን ዝም ብላ ነው የምትወድቀው» ብለው ለዶክተሩ ነገሩት። ገና ወጣት ነው። አቆመኝና «እህቴ፣ እግርሽን ግጠሚ። እሺ። አሁን ዓይንሽን ጨፍኚ» አለኝ።

ፈነዳሁ። «እርስዎም? እርስዎም ሊጸልዩልኝ ነው? ሆስፒታል መጣሁ ስል!» ብዬ ጮህኩ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ዶክተሩ ደንግጦ ጋሽ ነስሩን ተመለከተ። እሳቸው ነገሩን ባጭሩ ሲነግሩት አልሳቀም። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና «ለምን ዓይንሽን እንዳስጨፈንኩሽ ልንገርሽ» አለኝ።

ሹካ የሚመስል ብረት አወጣና መትቶ አስጮኸው። ቁርጭምጭሚቴ ላይ አኖረው። «ምን ይሰማሻል?» አለ። «ብረት» አልኩት። ደግሞ መታውና አንገቴ ሥር ያለው አጥንት ላይ አስቀመጠው። ዘለልኩ! ብረቱ ይንቀጠቀጥ ኖሯል። እግሬ ላይ ሳለም እንደዚያው ሲንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔ ግን አላወቅሁም። ከዚያ ዓይኔን አስጨፍኖ የእግሬን አውራ ጣት ያንቀሳቅስ ጀመር። «ወደ ላይ ነው ወደ ታች?» ይለኛል። ልክ ያልኩት ሁሉ ስህተት ሆነ። የገዛ ጣቴ የት እንዳለ አላውቅም።

ያስረዳኝን በራሴ ቃል ልናገር። ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው በሦስት ነገር ነው። አንዱ ዓይን ነው። ሁለተኛው ጆሮ ውስጥ ያለ ሚዛን ነው። ሦስተኛው ከእግርና ከመገጣጠሚያ በጀርባ አጥንት ውስጥ ባለው ነርቭ ወደ ላይ የሚሄድ ወሬ ነው፤ መሬቱ ዘመመ፣ ጉልበት ታጠፈ፣ ተረከዝ አረፈ የሚል። የእኔ እግር ያን ወሬ መላክ ትቷል። ዓይኔ ብቻውን ተሸክሞኝ ነበር። ዓይኔን ስጨፍን የሚጥለኝ ምንም የለም፤ የያዘኝን ስለምለቀው ነው የምወድቀው።

ስለ መደናቀፍም ነገረኝ። ደህና ሰው ድንጋይ ሲመታው የሚድነው አስቦ አይደለም አለ። ወሬው ከእግሩ ተነስቶ ጀርባው ውስጥ ካለው ነርቭ ዘንድ ይደርሳል፣ ትእዛዙ ከዚያው ይመለሳል፣ ሌላው እግር ቀድሞ ይረግጣል። ጭንቅላት የሚሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። እኔ ግን መደናቀፌን የማውቀው አፈር ስቅም ነበር።

የጨጓራ ክኒን ለዓመታት ከፋርማሲ እየገዛሁ መዋጤን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ክኒኑ ሆድ ከምግብ እንዳይወስደው የሚያደርገው፣ ነርቭን የሚጠብቅ ቢ ቱዌልቭ የሚባል ቫይታሚን እንደጎደለኝ ጠረጠረ፤ ደሜ አዲስ አበባ ተልኮ ሲመለስ እውነት ሆኖ ተገኘ። «ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው የሚገኘው» ሲለኝ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ክፉ ሳቅ ነበር። የታወጀብኝን ጾም አስታውሼ ነው።

ገመቹ እዚያ ሳለን ደረሰ። በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰማ። «ይድናል?» ብሎ ጠየቀ። ዶክተሩ መርፌው ዛሬውኑ እንደሚጀመር፣ ነርቭ ቀስ እያለ እንደሚመለስ ነገረውና ጨመረ። «ከክረምቱ በፊት ብትመጣ ኖሮ ሁሉም ይመለሳል እል ነበር። አሁን ግን የሚመለሰውን አብረን እናያለን።» ገመቹ ግድግዳውን ይዞ ቆመ።

መርፌው ቀይ ነው። መጀመሪያ በየቀኑ፣ ኋላ በየሳምንቱ፣ አሁን ደግሞ በየወሩ እወጋለሁ። መራመድ እንደ ሕፃን ተለማመድኩ። ገመቹ ከሥራ ሲመለስ እጄን ይዞ ዳገቱን ያስወጣኛል። አንድ ቀን አብረን ስንሄድ ኮረት እግሬን መታው። ወደ ፊት ዘነበልኩ፣ ከዚያ ሌላው እግሬ ሳልነግረው ወጥቶ ረገጠ። ቆሜ ቀረሁ። አልወደቅሁም! መንገዱ መሃል ቆሜ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ከኋላ አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ገመቹ እየሳቀም እያለቀሰም ይጎትተኛል።

ስራመድ ያየኝ ሰው ሁሉ ይደነቅ ጀመር። አንድ ቀን ፈይሳ ሱቄ መጣ። ስለ መርፌው ያውቃል፤ ገመቹ ነግሮታል። «እሑድ ምስክርነት ትሰጫለሽ» አለኝ። «ያ መንፈስ እንዴት እንደለቀቀሽ ሕዝቡ ይስማ።» እየቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። የምሩን ነው። ከልቡ ደስ ብሎታል። እሺ አልኩት።

እሑድ ጸሎት ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ፈይሳ «እህታችን መሠረት ከእስራት ተፈትታለች!» ብሎ ማይኩን ሰጠኝና አጠገቤ ቆመ። እልልታው እስኪበርድ ጠበቅሁ።

«እባካችሁ ሁላችሁም ቁሙ» አልኩ። ቆሙ። «ፈይሳ፣ አንተም። አንድ እግራችሁን አንሱ። ወንበር እንዳትይዙ። አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑ።»

የምንጸልይ መስሏቸው እንዳልኳቸው አደረጉ። አዳራሹ ሁሉ መወዛወዝ ጀመረ። አንዷ ጎረቤቷ ላይ ተደገፈች፣ አንዱ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ከኋላ መዝሙር መጽሐፍ ወደቀ። ፈይሳ እጁን ዘርግቶ በዳበሳ መድረኩ ላይ ያለውን አትሮኖስ ያዘ።

«ግለጡ» አልኩ። «ይህ ሁሉ ጋኔን እናንተ ዘንድ ከየት መጣ?»

አንዲት አሮጊት ከጥግ ሳቀች፣ ሌላ ግን ማንም አልሳቀም። ቀጠልኩ። «እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ሐኪሙን አመሰግናለሁ። ጋሽ ነስሩን አመሰግናለሁ። እግሬ ሲሞት መሬት ላይ እየጣላችሁ የጮኻችሁብኝን ግን አላመሰግንም። አንዳችሁ እንኳ ምን ያምሻል አላላችሁኝም።» ማይኩን ለፈይሳ መልሼ ደረጃውን እያየሁ ወረድኩ።

ከዚያ በኋላ የመድረክ ክብር ደፈረች ያሉኝ አሉ። በስውር መጥተው እጄን የያዙም አሉ። ገመቹ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ አልቅሶ ነው የጠየቀኝ፣ ይቅር አልኩት። ፈይሳ «ያደረግነው በፍቅር ነው» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። ቢያፍር እንኳ ደስ ይለኝ ነበር።

እንግዲህ የእኔ እግር እስከዚህ ነው። ዶክተሩ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው ከዚህ በላይ እንደማይመለስ ቁርጡን ነግሮኛል። እሠራለሁ፣ እራመዳለሁ፣ ሰው ሳይደግፈኝ ገበያ ሄጄ እመለሳለሁ። ግን በኮረትና በጭቃ ላይ ስሄድ ዓይኔን ከመሬት መንቀል አልችልም። እኛ አገር ደግሞ ሰው መንገድ ላይ ቀና ብሎ፣ ቆሞ፣ የቤተሰቡን ሁሉ ጤና ጠይቆ ነው የሚያልፈው። «አከም ጅርታ?» እያሉኝ ያልፋሉ፤ እኔ የምረግጥበትን ሳይ ማን እንደሆኑ እንኳ ሳላውቅ አልፈውኝ ይሄዳሉ።

ሰሞኑን ደግሞ አዲስ ወሬ መጥቶልኛል። «ከዳነች ወዲህ ኮርታለች፣ ሰላምታ ነፍጋለች» ይላሉ አሉ። ፈይሳም ይህንኑ እንዳለ ሰምቻለሁ። ይኸው እዚህ ጽፌ እነግራቸዋለሁ፤ አልዳንኩም፣ አልኮራሁምም። ቀና ካልኩ እወድቃለሁ።